ለወንድሜ የመረጥኩት ሞተር

ወንድም የለኝም። ከዚህ በኋላ የማወራው ስለ ወንድሜ ስለሆነ፣ ኋላ እንዳትታዘቡኝ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ቁመቱን፣ የሚያመውን ጉልበቱን፣ ምስር አለመውደዱን ሁሉ እነግራችኋለሁ። ግን የለም። እኔ ለእናቴ አንድ ነኝ።

አባቴ ወንጂ ሸንኮራ ሲቆርጥ ኖሮ እዚያው ያረፈ ሰው ነው። እሱ ከሞተ በኋላ እኔና እናቴ አዳማ ገባንና ስፌት ጀመርኩ። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የሰው አሮጌ ቀሚስ በምላጭ እየፈታሁ፣ ክሩ በየት በኩል እንደሄደ እያየሁ ነው የለመድኩት። በኋላ እናቴ አልጋ ላይ ዋለች። ዘጠኝ ዓመት። ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማንሳት፣ ማስቀመጥ። ሲደክመኝ ከአልጋዋ ጥግ ቁጭ እልና ስልኬን ከፍቼ በሞተር ሳይክል አገር የሚያቋርጡ ሴቶችን ቪዲዮ አያለሁ። ለምን ሞተር ካላችሁኝ፣ ልጅ ሆኜ ወንጂ የሸንኮራ ቆራጮቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ከፍ ያለች፣ ጎማዋ ጥርሳም የሆነች ሞተር ነበረችው። እኛ በእግራችን ጭቃ ስናቦካ እሱ በቦዩ ዳር ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ቆሞ እየነዳት ሸንኮራው ውስጥ ይጠፋል፤ ድምጿ ብቻ ይቀራል። ያ መጥፋት ልቤ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

እናቴ ዓይኗ ደክሞ ስለነበር ቪዲዮውን አታየውም። ትከታተላለች ግን።

«ያቺ ልጅ ዛሬ የት ደረሰች?» ትለኛለች።

«አሸዋ ውስጥ ገብታ ወድቃለች፣ እማ።»

«ማን አነሳት?»

«ራሷ።»

«በይ እሰይ» ትልና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

እናቴ ካለፈች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። የቸርች እህቶች መጡ፣ ዘመሩ፣ ጸለዩ፤ ድንኳኑ ፈረሰ፣ የተዋስነው ወንበር ተመለሰ። ከዚያ ቤቱ ዝም አለ። ሰው የምነካው ልክ ስወስድ ብቻ ሆነ። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ። ደንበኛዬ ልክ ሰጥታ ስትወጣ ሜትሩ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ቆሜ እቀራለሁ፤ የሷ ሙቀት ገና ጣቴ ላይ አለ።

እኔም እንደ ካቦው መጥፋት አማረኝ። ለሁልጊዜ አይደለም። ጠዋት ጠፍቶ ከሰዓት በኋላ የሚመለስ ሰው መሆን ነው የፈለግሁት። በጠጠሩ መንገድ ወደ ሶደሬ፣ በቆቃ ዳር፣ ከዚያ አልፎ በላንጋኖ ጀርባ። መንጃ ፈቃዱን አወጣሁ፤ ከሠልጣኞቹ መሃል ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ በዕድሜም ትልቋ እኔ። የቀረኝ ሞተሩ ነው። እጄ ላይ ባለው ገንዘብ የሚገዛ፣ አስፋልትም ገጠርም የሚሄድ፣ ሲወድቅ ብቻዬን የማነሳው ሞተር። የምፈልገው እሱን ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ሻጩ ከጀርባዬ ወደ በሩ እያየ፣ «ከማን ጋር ነው የመጣሽው?» አለኝ።

አጠያየቁ ክፋት የለበትም። ሰው ሞተር ሲገዛ ሰው ይዞ ነው የሚሄደው፤ አንዱ ያያል፣ አንዱ ይከራከራል፣ አንዱ ዝም ብሎ ይቆማል። እኔ ግን «ብቻዬን» ማለት አልፈለግሁም። ሞተር ከመፈለጌ ይልቅ ሰው የሌለኝ መሆኔ የሚታወቅብኝ መሰለኝ።

«ወንድሜ ልኮኝ ነው» አልኩ። «ለእሱ ነው።»

ሰውየው ወዲያው ደስ አለው። ወንበር ሰጠኝ። እንዲህ ሆኖ ወንድሜ ተወለደ።

ያ ሱቅ ያሳየኝ አዳዲሶቹን ነበር። ዝቅ ያሉት ለከተማ ዕቃ ማመላለሻ ናቸው፤ ጎማቸው ቀጭን፣ ሆዳቸው ለመሬት ቅርብ፣ ድንጋይ ላይ ሲወጡ የሚፋተጉ። ከፍ ያሉትና ቀለማቸው እንደ ሰርግ ቤት የሚያብረቀርቀው ደግሞ ዋጋቸው አልቀመስ አለኝ። ስለዚህ አሮጌ ወደሚጠገንበት ወደ ጋራዦቹ ሰፈር ሄድኩና አንድ መካኒክ አገኘሁ። እጁ በግሪስ የጠቆረ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ አፉ የማያርፍ ሰው። «እታለም» ነው የሚለኝ።

«ስሚኝ እታለም» አለኝ፣ «ዋጋው ያነሰውን ርካሽ ነው ብለሽ እንዳትገዢ። ርካሽ ማለት ዕቃው አዳማ የሚገኘው ነው። ፍሪሲዮኑ ሲበላ ከዱባይ ዕቃ እስኪመጣ የምትጠብቂለት ሞተር፣ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ፎቶ ቁጠሪው። በባትሪ ብቻ የሚነሳም አትግዢ፤ በእግር የሚረገጥ ይኑረው። ወንድምሽ ገጠር ባትሪ ቢሞትበት ማን ይገፋለታል?»

«ማንም» አልኩት። ይህቺ እንኳ ውሸት አልነበረችም።

ችግሩ ቁመት ነበር። እኔ አጭር ነኝ። የገጠር ሞተር ደግሞ ሁሉም ረጅም ነው፤ ድንጋይ ለመዝለል ሆዱ ከፍ ማለት አለበት። ለወንድሜ ነው ብዬ ደግሞ ሰው ፊት ወጥቼ እግሬ መድረሱን ልሞክር አልችልም። ስለዚህ የማውቀውን አደረግሁ። ሜትሬን ከአንገቴ አወጣሁና ከመሬት እስከ መቀመጫው ለካሁ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለኝ መካኒኩ።

«የመቀመጫ ልብስ ልሰፋለት ነው።»

ቤቴ ከመስታወት ፊት ጫማዬን አድርጌ የራሴን እግር ለክቼ ነበር፤ ሰባ አንድ ሳንቲ። መካኒኩ ጋ ያለው የመጀመሪያው ሞተር ሰማንያ ስምንት። ሁለተኛው ሰማንያ ስድስት። ያኔ ወንድሜ ረጅም ነው ብዬ ነበር፤ ሲፈጠር እንዲያው ቁመት አላሳነስኩበትም። በሳምንቱ ስመለስ መካከለኛ ነው አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት፣ «እንደኔው ነው፣ ቤተሰባችን አጭር ነው።»

መካኒኩ ቁልፉን መሬት ላይ አስቀምጦ አየኝ። «እታለም፣ ይሄ ወንድምሽ ምን ነክቶት ነው? በየሳምንቱ እኮ እያጠረ ነው! ቶሎ እንግዛለት፣ ሳያልቅ!»

«ጉልበቱን ያመዋል» አልኩ። «እግሩን በደንብ አይዘረጋም።»

የጉልበቱ ሕመም እንዲህ ነው የመጣው። አንዴ ከመጣ በኋላ አልቀረም። ደንበኞቼ ሲጠይቁኝ፣ «ወንድሜ ትንሽ አሞት፣ ሞተር እያፈላለግሁለት ነው» እላለሁ። ይጠይቁኛል፣ ይማርልሽ ይሉኛል። ውሸታምነቴ ይታወቀኛል፤ ግን ነግሬ ስጨርስ ደረቴ ሞቅ ይለኛል። ምሳ ስሠራ «ምስር አይወድም» ብዬ ሽሮ የሠራሁበት ቀን አለ። እኔ ምስር እወዳለሁ። አንድ ቀን የራስ ቁር ልገዛ ገብቼ ሻጩ «ለማን ነው?» ሲለኝ ያለማመንታት የወንድ ልክ አንስቼ መጣሁ። ቤት ስሞክረው ዓይኔ ላይ ወረደ። ብመልሰው ይቀይሩልኝ ነበር፤ አልመለስኩትም። በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ስገባ ስወጣ አየዋለሁ።

በመጨረሻ መካኒኩ ስለ አንድ ሰው ነገረኝ። አርሲ ነገሌ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ከብት ሲከትቡ በየገጠሩ የዞሩ። ሞተራቸውን ሊሸጡ ነው፣ ግን መራጭ ናቸው፤ ሦስት ገዢ መልሰዋል። «ዕቃዋ እዚህ እኔ ጋ ሞልቷል» አለኝ። «ቀላል ናት። ዝቅም ትላለች። ላጠረው ወንድምሽ!»

በሚኒባስ ሄድኩ። ግቢያቸው ከእህል ገበያው ብዙ አይርቅም። ሽማግሌው በር ላይ ቆመው፣ «አካም ጅርታ፣ ልጄ» አሉኝ።

«ፈያ ነኝ፣ ጋሼ፤ እርስዎስ?»

ሞተሯ ከዛፉ ሥር ቆማለች። ነጭ ነበረች፤ አሁን የረጋ ወተት መስላለች። ከኋላዋ የክትባቱ በረዶ ሳጥን የሚታሰርበት ብረት አለ። ጎማዋ ጥርሳም ነው፣ እንደ ካቦው። ሽማግሌው ሻይ እስኪያዝዙ ቶሎ ብዬ ለካሁ፤ ሰማንያ አንድ። ስፖንጁ ደግሞ ወፍራም ነው፤ እኔ ስፖንጅ መቁረጥ፣ ልብሱን መልሼ መስፋት አያቅተኝም። አራት ጣት ብቀንስለት ሰባ ሦስት፣ ሰባ አራት ይሆናል። ይህቺ ናት።

«ወንድምሽ ለምን አልመጣም?» አሉኝ።

«ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ተነሥተው ገቡና በትንሽ ብልቃጥ ቅባት ይዘው ወጡ። «እኔንም ስንት ዘመን ያሠቃየኝ ጉልበት ነው። ጠዋትና ማታ፣ ሞቅ አድርጎ ይሸው። ቆሞ ይንዳ በይው፤ ጠጠር ላይ ተቀምጦ የሚነዳ ሰው ወገቡም ጉልበቱም ያልቃል።» ከዚያ ስለ ወንድሜ ጠየቁኝ። ይቸኩላል? ይጠጣል? ዕቃ ይጠብቃል? እኔም መለስኩ። ሰዓት አለፈ። እንዲህ ስለ አንድ ሰው ተቀምጬ ከሰው ጋር ያወራሁት እናቴ ከሞተች ወዲህ ያን ቀን ብቻ ነው። ስነሣ፣ «ለእሱስ እሸጥለታለሁ» አሉኝ። «ቅዳሜ ገንዘቡን ይዘሽ ነይ፣ ውል እንጽፋለን።»

ቅዳሜ ሄድኩ። የራስ ቁሩን በፌስታል ይዣለሁ። ለምን እንደያዝኩት የሚጠይቀኝ ካለ መልሱን አላሰብኩበትም ነበር። ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ወጥቷል። ከእህል ገበያው ሁለት ጎረቤቶች ለምስክርነት መጥተዋል፤ ትከሻቸው ላይ ገና የስንዴ አቧራ አለ። ጽሑፉ የሚያምር አንድ መምህር ወረቀቱን ዘርግቶ እስክሪብቶውን ነካ ነካ አደረገ። የሽማግሌውን ስም ከነአባት ከነአያታቸው ጻፈ፣ የሞተሯን ታርጋ ጻፈ፣ የሊብሬውን ቁጥር ጻፈ። ከዚያ ቀና ብሎ፣

«የገዢ ሙሉ ስም፣ እስከ አያት?» አለኝ።

አባትና አያቱን መስጠት እችላለሁ፤ የኔው ናቸው። የእሱን ስም ግን አላወጣሁለትም። ከሦስት ወር በላይ አብሮኝ ሲኖር ቁመት ሰጥቼው፣ አሳጥሬው፣ አሳምሜው፣ ምግብ መርጬለት፣ አንድ ቀን እንኳ በስም አልጠራሁትም። የቀረበኝን ማንኛውንም ስም ልል አፌን ከፈትኩ። አንዱም የእሱ አልመስል አለኝ። አራት ሰዎች እያዩኝ ነው። የሽማግሌው ባለቤት ዳቦ እየቆረሱ ቢላቸውን አቆሙ።

«የኔን ስም ይጻፉ» አልኩ።

«የለም፣ የባለቤቱን ነው የምጽፈው» አለ መምህሩ።

«ባለቤቷ እኔ ነኝ። ወንድም ኖሮኝ አያውቅም። የምነዳው እኔ ነኝ፤ ከመጀመሪያውም ለኔ ነበር።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ንዴት ብቻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ያዘኑ ይመስላሉ። ወንድሜን ወደውት ነበር።

«ቅባቱስ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ለራሴ ጉልበት ተቀባሁት፣ ጋሼ።»

«ሠራ?»

«ሠርቷል።»

ሚስታቸው እትዬ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ወደ ሞተሯ ሄደው በመሪዋ ያዟትና በቀስታ፣ እንደሚተኛ በሬ፣ በጎኗ መሬት ላይ አጋደሟት።

«አንሻት» አሉኝ።

ከምስክሮቹ አንዱ ሊረዳኝ ተነሣ። «ተው!» አሉት። «መንገድ ላይ አንተ የለህም። ለወንድ ነው ስትለኝ ያልጠየቅኋትን ነው አሁን የምጠይቃት። ከቡልቡላ ወዲያ ፀሐይ ላይ ስትወድቅ ሰው አታገኝም። ማንሳት ካልቻለች ገንዘቧን ይዛ ትሂድ። ሞቷን አልሸጥላትም።»

ሞተሯ መሬት ላይ ስትሆን ትከብዳለች። ክብደቷ መቶ ኪሎ ያልፋል። መሪዋን ይዤ በክንዴ ሳብኳት፤ ንቅንቅ አላለችም። ሁለተኛ ሳብኩ። አቧራው ላይ ተንሸራተተችና ቀረች።

ያን ጊዜ ነው እናቴ ትዝ ያለችኝ። በመጀመሪያው ዓመት እሷንም በክንዴ ነበር የማነሳት፤ ወገቤ ተቀጭቶ ሁለታችንም አብረን አልቅሰናል። በኋላ ሰውነቷ ራሱ አስተማረኝ። ሰው በክንድ አይነሣም። ተጠግቶ፣ ዝቅ ብሎ፣ ክብደቱን ጭን ላይ አድርጎ፣ በትንንሽ እርምጃ ነው። ዘጠኝ ዓመት፣ በቀን ስንት ጊዜ።

መሪዋን እስከ ዳር ጠመዘዝኩ። ማርሽ ውስጥ አስገባኋት፣ እንዳትንከባለል። ዞሬ ጀርባዬን ሰጠኋትና መቀመጫዋን ወገቤ ሥር አደረግሁ፤ አንድ እጄ መሪዋ ላይ፣ አንዱ የበረዶ ሳጥኑ ብረት ላይ። ዝቅ አልኩ። ከዚያ ወደ ኋላ፣ አንድ ስንዝር፣ አንድ ስንዝር። ሳላስበው አፌ፣ «አይዞሽ፣ እማ፣ ደረስን» አለ። ሞተሯ ቀና አለች። በእግሬ መቆሚያዋን ፈልጌ አወረድኩና አሳረፍኳት።

ሽማግሌው መሬቱ ላይ የቀረውን የጎማ ምልክት አዩ። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞሩ። «ጻፍ» አሉት። «ስሟን፣ ከነአያቷ።»

ቁልፉን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፣ እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩ። መረቁኝ። ከዚያ አጭር ሰው እንዴት እንደሚቆም አሳዩኝ። «ሁለት እግር መሬት ማስነካት አያስፈልግሽም። ስትቆሚ ወገብሽን ወደ ግራ ሸርተት አድርጊ፤ ቀኝ እግርሽ ፍሬኑ ላይ ይቅር። አንድ እግር ይበቃል።» ግቢውን አምስት ጊዜ አዞሩኝ። በስድስተኛው በሩን ከፈቱልኝ። የራስ ቁሩ ዓይኔ ላይ ሲወርድ ያዩት እትዬ ከትራስ ላይ ስፖንጅ ቀደው ውስጡን ጠቀጠቁልኝ።

በአሮጌው መንገድ መጣሁ። ላንጋኖን በቀኝ አሳለፍኩት። ፍየሎች፣ ከሰል የሞሉ ማዳበሪያዎች፣ ግራሮች። ቡልቡላ ጋ መሬቱ ሜዳ ሆነና ነፋሱ ከጎን ገፋኝ፤ ሽማግሌው እንዳሉት እዚያ ማንም የለም። የፈለግሁት ይኸው መጥፋት ነበር፣ አገኘሁት። ደስ ብሎኛል፤ መዋሸት አልፈልግም። ግን ባቱን ሳልፍ ምን እንደጎደለኝ ገባኝ። ሦስት ወር ሙሉ እያንዳንዱን ነገር «ለወንድሜ እነግረዋለሁ» እያልኩ ነበር የማየው። አሁን ሐይቁ በሩቁ ሲያበራ የምነግረው አልነበረኝም። ያን ወረቀት ስፈርም እሱን ከግቢው ጥዬው ወጣሁ። መቂ ጋ አንድ ጊዜ በመስታወቱ ወደ ኋላ አይቼ፣ ራሴን ታዘብኩት።

ቆቃ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፣ እጄ ከመሪው ላይ አልላቀቅ ብሎ ደንዝዟል። አሳ ከሚጠበስበት አንድ ቤት ፊት ወገቤን ወደ ግራ ሸርተት አድርጌ ቆምኩ። ግራ እግሬ መሬት አገኘች። ገባሁና ቅዳሜ ስለነበር ሰው ሞልቶ፣ ከጥግ ያለች ሁለት ወንበር ያላት ጠረጴዛ አገኘሁ። በአንዱ ተቀመጥኩ፤ የራስ ቁሩን፣ ቤት እንደለመድኩት፣ ከፊቴ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።

አስተናጋጇ መጣችና ወደ በሩ ተመለከተች። «ስንት ናችሁ? ለሁለት ላምጣ?»

«ለአንድ» አልኳት።

አሳው ሳይመጣ ከጎኔ ካለው ጠረጴዛ አንድ ሰውዬ ተነሣ። ቤተሰቡን ይዞ የመጣ ነው፤ ልጆቹ ተጨናንቀዋል፣ ሚስቱ ሕፃን ታቅፋ ቆማለች። ከፊቴ ያለውን ወንበር በእጁ ነካ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«ይቅርታ እህቴ፣ ይሄ ወንበር ሰው አለው?»

የራስ ቁሩ ፊቱን ወደኔ አድርጎ ተቀምጧል። መስታወቱ የመንገድ አቧራ ይዟል።

«የለውም» አልኩት። «ብቻዬን ነኝ። ይውሰዱት።»

የራስ ቁሩን አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግሁት። ሰውዬው አመስግኖ ወንበሩን ወሰደ፤ ሚስቱም ተቀመጠች።